ስለ ቡብጂ እንነጋገር



በየዓመቱ በዚህ መጽሔት ላይ ስለ ፈተና ውጤት፣ ስለ ክፍያ ወይም ስለ ዲሲፕሊን እጽፋለሁ። ዘንድሮ ስለ አንድ የስልክ ጨዋታ ልጽፍ ነው። ትክክለኛ ስሙ ፐብጂ ነው፤ ዐረብኛ ‹‹ፐ›› የሚል ድምፅ ስለሌለው እዚህ ገዳሪፍ ሁሉም ቡብጂ ይለዋል፤ ልጆቻችንም እንደዚያው። ስሙን ያልሰማ ወላጅ ቢኖር እንኳ፣ ልጁ እኩለ ሌሊት ላይ በብርድ ልብስ ተሸፍኖ ‹‹ተመለስ! አንሣኝ! አንሣኝ!›› ሲል ሳይሰማ አልቀረም።

እስከ ባለፈው ዓመት ድረስ የኔ አቋም አንድና አንድ ነበር፤ መከልከል። ዛሬ ጨዋታውን ላወድስ አልተነሣሁም። ነገር ግን ክልከላ ብቻውን የእኛን ሥራ እንደማይሠራልን አምኛለሁ። እንዴት እዚህ እንደደረስኩ ልንገራችሁ።

ባለፈው ዓመት፣ የመጀመሪያው ሴሚስተር ፈተና ሊጀመር ሳምንት ሲቀረው፣ 9ኛ ክፍል ውስጥ በዴስክ ሥር ሲጫወቱ ካገኘኋቸው አራት ልጆች ስልካቸውን ሰበሰብኩ። መሳቢያዬ ውስጥ ቆለፍኩና ‹‹ወላጅ አምጡና ውሰዱ›› አልኳቸው። ሥራዬን በአግባቡ የሠራሁ መስሎኝ በሰላም ተኛሁ። በማግስቱ ሰልፍ ሳይጀመር የአንዱ ልጅ እናት ቢሮዬ በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ።

‹‹ኡስታዝ፣ ስልኩ የልጁ አይደለም፤ የቤቱ ነው›› አሉኝ። ‹‹አባቱ ኡምዱርማን ቀርቷል። ኔትወርክ ያገኘ ቀን ነው የሚደውልልን። ትናንት ማታ ደውሎ እንደሆነ እንጃ።››

ስልኩን አውጥቼ ሰጠኋቸው። ሁለት ያልተነሡ ጥሪዎች ነበሩበት። እዚያው እንደቆሙ መልሰው ደወሉ፤ አልገባላቸውም። ከሄዱ በፊት እንዲህ አሉኝ፦ ‹‹ጨዋታውን እኔም አልወደውም። ከካርቱም የወጣነው ይህንኑ ድምፅ ሸሽተን ነው። ግን ልጁን ልቅጣ ብለው እኔን ቀጡኝ።›› ባለቤታቸውን በስልክ ያገኟቸው ከአሥራ አንድ ቀን በኋላ ነው። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነበሩ። እኔ ግን እነዚያን አሥራ አንድ ቀናት አልረሳቸውም።

ከዚያ ወዲህ ስልክ መንጠቅ አቆምኩ። ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ነውና ያንን ጨዋታ አሳዩኝ ብዬ ተማሪዎቼን ጠየቅኩ። መጀመሪያ ወጥመድ መስሏቸው ነበር። በኋላ ግን ከሰዓት በኋላ እየመጡ እንደ መምህር አስረዱኝ።

ጨዋታው በኮምፒዩተር የወጣው እ.ኤ.አ. በ2017 ሲሆን በዓመቱ ወደ ስልክ መጣ። ጠንሳሹ ብሬንዳን ግሪን የሚባል የአየርላንድ ሰው ነው። አንድ መቶ ተጫዋቾች ባዶ እጃቸውን ከአውሮፕላን በፓራሹት ይወርዳሉ። ቤት ለቤት እየዞሩ መሣሪያና መድኃኒት ይሰበስባሉ። መቆም የሚቻልበት ቦታ እየጠበበ ይሄዳል፤ ስለዚህ የሚደበቅ ሰው ለዘለዓለም ተደብቆ አይኖርም። መጨረሻ ላይ የቀረው ያሸንፋል። ለብቻ፣ ሁለት ሆኖ ወይም በአራት ሰው ቡድን መጫወት ይቻላል። ስልካቸው ደከም ያለ ልጆች ፍሪ ፋየር የሚባለውን ይመርጣሉ፤ እርሱ ሃምሳ ያህል ተጫዋቾች የሚገቡበትና ዐሥር ደቂቃ ገደማ የሚወስድ ነው። ከእነዚህ በፊት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1999 የጀመረው ካውንተር ስትራይክ አለ፤ አምስት ለአምስት ሆነው በአጫጭር ዙሮች የሚገጥሙበት።

እኛስ ምን ስንጫወት አደግን? እኔ ጎንደር ውስጥ ከእንጨት ጠመንጃ ጠርቤ ሌባና ፖሊስ ተጫውቻለሁ። ‹‹ሞተሃል!›› ‹‹አልሞትኩም!›› ብዬ ተጣልቻለሁ። ስለዚህ ልጅ በጨዋታ መተኮሱ አዲስ ነገር አይደለም። አዲሱ ነገር ሌላ ነው። የኛ ጨዋታ ሲመሽ ያልቅ ነበር፤ እናቶቻችን ከደጃፍ ሲጠሩን ያልቅ ነበር። ይህኛውን ማን ይጨርሰው?

ሒሳብ ስላስተማርኩ ነገሩን በቁጥር ላሳያችሁ። መቶ ተጫዋቾች በአራት በአራት ሲቡደኑ ሃያ አምስት ቡድን ይሆናሉ። የሚያሸንፈው አንድ ነው። ሁሉም እኩል ችሎታ ቢኖራቸው አንድ ቡድን በአማካይ ከሃያ አምስት ጨዋታ አንዱን ያሸንፋል። እስከ መጨረሻ የሚዘልቅ ጨዋታ ግማሽ ሰዓት ያህል ይወስዳል። ሃያ አምስት ጊዜ ግማሽ ሰዓት፣ ዐሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ነው! እውነት ነው፣ ቶሎ የሞተ ቶሎ ይወጣል፤ በኮምፒዩተሩ የሚንቀሳቀሱ ደካማ ተጫዋቾችም ይቀላቀላሉ፤ ስለዚህ ድሉ ከዚህ ቀድሞ ሊመጣ ይችላል። ቢሆንም ‹‹አንዴ ላሸንፍና እተኛለሁ›› ያለ ልጅ ለምን ሳይተኛ እንደሚነጋበት ከዚህ ስሌት ይታያል። ልጁ ሰነፍ ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ የገባበት የጨዋታ ዓይነት ሽንፈት የበዛበትና ማብቂያው የራቀ ስለሆነም ነው።

እዚያው ቡብጂ ውስጥ ግን ሌላ ዓይነት አለ። አራት ለአራት ሆነው አንድ ጠባብ መጋዘን ውስጥ ይገጥማሉ። የሞተ ወዲያው ይመለሳል፤ ቀድሞ አርባ የሞላ ቡድን ያሸንፋል፤ ከዐሥር ደቂቃ አያልፍም። ከሁለት ቡድን አንዱ ያሸንፋል፤ ተሸናፊውም ማን እንዳሸነፈው ያውቃል፤ ተጨባብጦ ይነሣል። ስለዚህ ‹‹ልጄ ቡብጂ ይጫወታል›› ማለት ብቻውን ብዙ አይነግረንም። የትኛውን? ከማን ጋር? እስከ መቼ?

‹‹ከማን ጋር›› የሚለው ላይ ትንሽ ልቆይ። በቡድን ጨዋታ የተመታ ልጅ ወዲያው አይሞትም፤ ይወድቅና እየዳኸ እርዳታ ይጠብቃል። ጓደኛው ደርሶ ጥቂት ሰከንድ አጠገቡ ከቆየ ያነሣዋል። ሊያነሣው የመጣው ግን ራሱ ሊመታ ይችላል። በልጆቻችን መካከል ትልቁ ጥል የሚነሣው በዚህ ነው፤ ‹‹ወድቄ አይተኸኝ አለፍክ›› በሚል። ትልቁ ወዳጅነትም የሚመሠረተው በዚሁ ነው።

አንድ ቡድን አውቃለሁ። አንዱ ገዳሪፍ የተወለደ ነው። አንዱ በ2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲነሣ ከሁመራ በሐምዳይት ተሻግሮ ኡም ራኩባ ካምፕ የኖረ ነው። አንዱ ከመተማ በኩል በገላባት የመጣ ነው። አራተኛው በ2015 ዓ.ም. ሚያዝያ ካርቱም ስትነድ ከእናቱ ጋር የወጣ ነው። ከወላጆቻቸው መካከል ዛሬም ሰላምታ የማይለዋወጡ አሉ፤ ለምን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ልጆቹ ግን ‹‹ከኋላህ ነው!›› የሚባባሉት በዐረብኛ ነው። ለምን ብዬ ስጠይቃቸው አንዱ ‹‹ቲቸር፣ በዐረብኛ ከሆነ ማንም ማንንም አይጠረጥርም›› አለኝ። ይህን መልስ ስሰማ ደስ ይበለኝ ወይስ ይዘንልኝ እስካሁን አላወቅኩም።

ክፉውንም አልደብቅም። ልጆቹ ‹‹ክላን›› የሚሉት ማኅበር አላቸው። ከተማሪዎቼ አንዱ ለክላኑ ያወጣለት ስም አገር ቤት የሚዋጋ የአንድ ታጣቂ ወገን ስም ነበር፤ አስጠርቼ አስቀየርኩት። ከማያውቁት ሰው ጋር በድምፅ ሲገናኙ በዘራቸው የሚሰደቡ አሉ፤ ስድቡን ተምረው እዚህ ግቢ ውስጥ ታናናሾቻቸው ላይ የሚደግሙም አሉ። ገንዘቡም ሌላ ጣጣ ነው። ‹‹ሸዳት›› የሚሉትን የጨዋታ ገንዘብ በባንካክ እየላኩ ይገዛሉ። አንድ አባት ለዘይትና ለዱቄት ያስቀመጡት ገንዘብ ለጠመንጃ ማስዋቢያ ቀለም ወጥቶ አግኝተዋል። ቀለሙ ደግሞ ጠመንጃውን የተሻለ አያደርገውም፤ ያሳምረዋል እንጂ።

ታዲያ ለምን ጨርሶ አይከለከልም? የከለከሉ አገሮች አሉ። ኔፓል እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2019 ከለከለች፤ ወሩ ሳያልቅ ጠቅላይ ፍርድ ቤቷ እገዳው እንዳይፈጸም አዘዘ። በዚያው ወር የኢራቅ ፓርላማም የእገዳ ውሳኔ አሳልፏል። ቻይና በ2021 ከ18 ዓመት በታች ያሉ ልጆች በኢንተርኔት የሚጫወቱትን ዓርብ፣ ቅዳሜ፣ እሑድና በበዓል ቀን ለአንድ አንድ ሰዓት ብቻ አድርጋለች። እኛ ግን መንግሥት አይደለንም። አንድ ስልክ ለስድስት ሰው በሚያገለግልበት፣ ኔትወርክ በሚጠፋበትና በሚመጣበት ከተማ ያለን ትምህርት ቤት ነን። በ2016 ዓ.ም. ጥር መጨረሻ ኔትወርክ በአብዛኛው ሱዳን በጠፋ ጊዜ ቡብጂም ጠፍቶ ነበር። ያኔ ልጆቹ ወደ መጽሐፍ አልሮጡም። ሰው በክፍያ የስታርሊንክ ኢንተርኔት የሚያገኝበት ሱቅ ሲከፈት፣ ዘመዱን ሊያገኝ ከተሰለፈው ሰው ጎን እነርሱም ተሰለፉ።

የዓለም ጤና ድርጅት ከ2022 ጀምሮ በሥራ ላይ ባዋለው የበሽታዎች ምደባ የጨዋታ ሱስን አስገብቷል። መለኪያው ግን መጫወት አይደለም። ሰውየው ራሱን መቆጣጠር ሲያቅተው፣ ጨዋታውን ከሌላው ሕይወቱ ሁሉ ሲያስቀድምና ጉዳቱን እያየ ሲቀጥል፣ ይህም አብዛኛውን ጊዜ ዓመት ያህል ሲቆይ ነው። እንዲህ ያለ ልጅ ካላችሁ ዱላ ሳይሆን የጤና ባለሙያ ያስፈልገዋል፤ እኛም አብረናችሁ እንሆናለን።

ዘንድሮ በሁለተኛው ሴሚስተር አንድ ነገር ሞከርን። ሐሙስ ከትምህርት በኋላ ለአንድ ሰዓት ያንን አራት ለአራት የሚባለውን እንዲጫወቱ ፈቀድን። ቡድኑ በዕጣ ይመደባል፤ በየወሩም ይቀየራል። ወላጅ ካልፈረመ አይገባም። ድምፁ ከጆሮ ማዳመጫ አይወጣም። የተሳደበ ቡድን በዚያው ይሸነፋል። ሸዳት ክልክል ነው። የአውሮፓ ምዘና ለዚህ ጨዋታ የሚሰጠው ዕድሜ 16 ስለሆነ ከዚያ በታች ያለ አይጫወትም፤ ጦርነት ዓመታት ስለነጠቃቸው 9ኛ ክፍል ሆነው 16 ያለፋቸው ብዙዎች መሆናቸውን ታውቃላችሁ። የማይፈልግ ኳስ ወይም ገበጣ አለለት።

ተአምር አልሠራንም። ሦስት እናቶች ልጃቸው በጊዜ መተኛት መጀመሩን ነግረውኛል፤ አንድ አባት ደግሞ ምንም ለውጥ የለም ብለዋል። እነዚያ እናት እስካሁን አልፈረሙም። ሁለት ጊዜ ጠየቅኳቸው፤ ‹‹ኡስታዝ፣ ተኩስ በጨዋታም ቢሆን በልጄ እጅ እንዲገባ አልፈርምም›› አሉ። ሦስተኛ አልጠየቅኳቸውም። ልክ ናቸው፤ እርሳቸው የሰሙትን ድምፅ እኔ አልሰማሁም። ልጃቸው ሐሙስ ሐሙስ ይመጣና ሰሌዳው ላይ ውጤት ይጽፋል።

ወላጆች ሆይ፣ ከእናንተ የምለምነው ጥቂት ነው። ስልኩን ከመንጠቃችሁ በፊት አጠገቡ ተቀመጡና ጠይቁት። የትኛውን ዓይነት ነው የምትጫወተው? በጆሮህ የሚያወራህ ማን ነው? ስንት አወጣህ? ይህ ጨዋታ መቼ ነው የሚያልቀው? ለአራተኛው ጥያቄ መልስ ካጣ፣ ማብቂያውን እናንተ ስጡት። የኛ እናቶች ከደጃፍ ሆነው ይጠሩን እንደነበረው፣ ጥሩት።

እናንተ ተማሪዎቼ ደግሞ አንድ ነገር ስሙኝ። በጨዋታ የወደቀ ጓደኛ ለማንሣት ጥይት ውስጥ ስትገቡ አይቻችኋለሁ። ሒሳብ ላይ የወደቀ ጓደኛችሁ ግን ከጎናችሁ ተቀምጦ ዓመቱን ሙሉ ሲዳኽ አልፋችሁታል። እርሱን ለማንሣት ጥቂት ሰከንድ አይበቃም፤ የሚተኩስባችሁ ግን የለም። በመጪው ዓመት ሐሙስ የሚጫወቱት ቡድኖች ማክሰኞ ማክሰኞ አብረው ያጠናሉ። ደንቡ ይህ ነው፤ ከአሁኑ እወቁት።

መልካም ክረምት፣ መልካም የዕረፍት ጊዜ ይሁንላችሁ። በሩቅ ያሉ ቤተሰቦቻችሁን ድምፅ በደኅና የምትሰሙበት ያድርግላችሁ።

ርዕሰ መምህር