ነዳጁ ባሕር ላይ ሳይፈስ

በእነማይና በሁለት እጁ እነሴ ጤፍና ስንዴ የሚዘራውን ገበሬ ከባሕር ጋር የሚያገናኘው ነገር ያለ አይመስልም። ብቸና ወይም ሞጣ ካለው የኅብረት ሥራ ማኅበር መጋዘን የሚወስደው ማዳበሪያ ግን ባሕር አቋርጦ የመጣ ነው። ከሞሮኮ የሚገዛው ፎስፌት ያለበት ማዳበሪያ ስዊዝን አልፎ፣ ቀይ ባሕርን ቁልቁል ወርዶ፣ በባብ ኤል መንደብ በኩል ጅቡቲ ይራገፋል። ማዳበሪያውን እስከ ምሥራቅ ጎጃም የሚያደርሰው የጭነት መኪና የሚያቃጥለው ናፍጣም በዚያው በጅቡቲ በኩል የገባ ነው። ከአገሪቱ የገቢና ወጪ ንግድ ከ90 በመቶ በላይ በዚያች አንዲት አገር በኩል ስለሚያልፍ፣ እዚያ አካባቢ አንድ ነዳጅ ጫኝ መርከብ ተሰብሮ ጭነቱ ቢፈስ ጉዳቱ በጅቡቲ ዓሣ አጥማጅ ላይ ብቻ አይቀርም። ይህን አደጋ ለመከላከልና ሲደርስም ለመቋቋም የሚያስፈልገውን ገንዘብ ኢትዮጵያ ከአሁኑ ማዋጣት አለባት። የባሕር በር የሌላት መሆኑ ከዚህ ግዴታ ነፃ አያወጣትም፤ አማራጭ የሌላት አገር ስለሆነች እንዲያውም ግዴታው ይጠናባታል።

አደጋው በሐሳብ ብቻ ያለ አይደለም። ባብ ኤል መንደብ በጣም በሚጠብበት ቦታ ስፋቱ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የፔሪም ደሴት ደግሞ ይህንኑ ለሁለት ትከፍለዋለች። እ.ኤ.አ. በ2023 በዚህ በር በቀን ከ8 ሚሊዮን በርሜል በላይ ነዳጅ ያልፍ ነበር። በዚያ ዓመት ማብቂያ የሁቲ ታጣቂዎች መርከቦችን ማጥቃት ሲጀምሩ ብዙዎቹ አፍሪካን በደቡብ በኩል መዞር መረጡ፤ የቀሩት በእሳት መሐል አለፉ። በየካቲት 2016 ዓ.ም. ሩቢማር የተባለችው መርከብ በሚሳይል ተመትታ፣ የፈሰሰው ነዳጇ 29 ኪሎ ሜትር ያህል ባሕሩ ላይ ተዘረጋ፤ በዚያው ወር ሰጠመች። ጭነቷ 21 ሺህ ቶን ያህል ማዳበሪያ ነበር። ወደ ኢትዮጵያ የሚመጣ አልነበረም፤ ሊሆን ግን ይችል ነበር፤ 210 ሺህ ኩንታል ማለት ነው። በነሐሴ ደግሞ 150 ሺህ ቶን ድፍድፍ ነዳጅ የጫነችው የግሪኳ ሱኒዮን ተመትታ በእሳት ተያያዘች። ጭነቷ ሳይፈስ ተጎትታ የዳነችው በአዳኞቹ ብርታትና በዕድል ነው።

የነዳጅ ፍሳሽ ወደብን ለወራት አይዘጋም የሚል ሰው ይኖራል፤ እውነቱን ነው። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2014 በአሜሪካ ቴክሳስ ከአንድ የነዳጅ ማመላለሻ ጀልባ 4 ሺህ በርሜል ገደማ ቢፈስ የሂዩስተን የመርከብ መተላለፊያ ለቀናት ተዘግቶ ነበር፤ ያውም ማጽጃ መሣሪያውም ባለሙያውም ደጃፉ ላይ ባለበት አገር። ሱኒዮን የጫነችው 1 ሚሊዮን በርሜል ያህል ነበር። ጅቡቲ አጠገብ እንዲህ ያለ መጠን ቢፈስ መዘግየቱ በሳምንታት እንደሚቆጠር መገመት አያስቸግርም። ለጎጃም ደጋ ደግሞ ሳምንታት ብዙ ናቸው። ጤፍ በሐምሌ ይዘራል፤ ማዳበሪያው ከዘሩ ጋር መሬት መግባት አለበት። ሦስት ሳምንት ዘግይቶ የደረሰ ኩንታል ለዘንድሮው ማሳ አይሆንም፤ የተበደረው ገበሬ ዕዳ ግን አይዘገይም።

ገንዘብን አስቀድሞ አለማዘጋጀት ምን እንደሚያስከትል በጉልህ ያሳየን የሳፈር ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 የተሠራችው ይህች አሮጌ መርከብ በየመን የራስ ኢሳ ዳርቻ ከ1.1 ሚሊዮን በርሜል በላይ ድፍድፍ ይዛ ቆማ ነበር፤ የየመን ጦርነት ካየለበት ከእ.ኤ.አ. 2015 ጀምሮ የሚጠግናት አልነበረም። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት እንደገመተው ነዳጁ ቢፈስ ማጽዳቱ ብቻ 20 ቢሊዮን ዶላር ይፈጅ ነበር። አደጋውን ለማስቀረት የተጠየቀው 144 ሚሊዮን ዶላር ያህል ነው፤ ከመቶ አንድ እንኳን አይሞላም። ይህን ለማግኘት ድርጅቱ በየመንግሥቱ ደጅ ቆሞ ለመነ፤ በመጨረሻም በኢንተርኔት ከተራው ሰው መዋጮ እስከ መጠየቅ ደረሰ። ገንዘቡ እስኪሰበሰብ የዩክሬን ጦርነት የመርከብ ዋጋ አስወደደ። ነዳጁን የምትቀበለው መርከብ በ55 ሚሊዮን ዶላር ተገዝታ፣ ሥራው ሐምሌ 18 ቀን 2015 ዓ.ም. ተጀምሮ ነሐሴ 5 አለቀ። ሥራው ሦስት ሳምንት እንኳን አልሞላም፤ ዓመታት የወሰደው ማን ይክፈል የሚለው ክርክር ነበር።

በካይ ይክፈል የሚለው መከራከሪያ ጠንካራ ነው፤ ዓለምም ሥርዓት አበጅቶለታል። እ.ኤ.አ. በ1967 ቶሪ ካንየን የተባለችው መርከብ በእንግሊዝ ዳርቻ ተሰብራ አካባቢውን በነዳጅ ካጥለቀለቀች በኋላ የነዳጅ መርከብ ባለቤቶች ኢንሹራንስ እንዲገቡ የሚያስገድድ ስምምነት ተፈረመ። በላዩም በባሕር ብዙ ነዳጅ የሚቀበሉ ኩባንያዎች የሚያዋጡበት ዓለም አቀፍ የካሳ ፈንድ ተቋቋመ። አሠራሩ ከእድር አይርቅም፤ ጉዳት የደረሰበትን ከብዙ ሰው በተሰበሰበ ገንዘብ ያነሣል። ጅቡቲም አባል ናት፤ ለአንድ አደጋ ከ250 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሊከፈል ይችላል። ሆኖም ሁለት ቀዳዳዎች አሉበት፤ ሁለቱም የሚከፈቱት በእኛ በኩል ነው። ስምምነቶቹ በጦርነት ምክንያት ለደረሰ ፍሳሽ ካሳ አይከፍሉም፤ የባብ ኤል መንደብ ትልቁ ሥጋት ግን ሚሳይል ነው። በጦርነት ባይሆንም እንኳ ፈንዱ የሚክሰው ጉዳቱ ለፍሳሹ ቅርብ የሆነውን ነው፦ ዓሣ አጥማጁን፣ ባለሆቴሉን፣ ዳርቻ ያጸዳውን። ማዳበሪያ ስለዘገየበት ምርቱ የቀነሰ የሞጣ ገበሬ ለማን ያመለክታል? የትኛውም ሕግ አያውቀውም።

የበለጠ የሚከብደው መከራከሪያ ከዚሁ ከአገር ቤት የሚነሣው ነው። ማዳበሪያ የሚዘገየው በባሕር ሳይሆን በግዢ መጓተት፣ በውጭ ምንዛሪ እጥረትና በመንገድ መዘጋት ነው ይባላል። በ2015 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ የአማራ ክልል ገበሬዎች ማዳበሪያ አጣን ብለው ባሕር ዳር ድረስ ሄደው ሲጮኹ ምክንያቱ የፈሰሰ ነዳጅ አልነበረም። ይህን መካድ አይቻልም። ነገር ግን አቅርቦቱ ራሱ ትርፍ ቀን የሌለው ከሆነ፣ ከውጭ የሚመጣ ትንሽ ግፊት ትልቅ ጉዳት ያደርሳል። ማዳበሪያው በየካቲት መጋዘን ቢገባ ኖሮ የሚያዝያ አደጋ ባላስፈራን ነበር። ስለዚህ ቀድሞ ገዝቶ አገር ውስጥ ማከማቸት ራሱ የባሕር አደጋ መከላከያ ነው፤ እኔም ከሁሉ የማስቀድመው እሱን ነው።

ገንዘቡ ከየት ይመጣል ለሚለው መልሱ እጃችን ላይ ነው። በ1989 ዓ.ም. የተቋቋመው የመንገድ ፈንድ በነዳጅ ላይ ከሚጣል ክፍያ ገንዘብ እየሰበሰበ መንገድ ሲያስጠግን ኖሯል። አገሪቱ በዓመት ከ3 ቢሊዮን ሊትር በላይ ነዳጅ ታስገባለች፤ በሊትር 10 ሳንቲም ቢቀመጥ ከ300 ሚሊዮን ብር ያላነሰ ይሆናል። ሊትሩ ከ100 ብር በላይ በሚሸጥበት ጊዜ 10 ሳንቲም ማንንም አያደኸይም፤ በየጤና ጣቢያው መድኃኒት በጠፋበት አገር ለባሕር ገንዘብ ይወጣል ወይ ብሎ ለሚቆጣም ከጤናው በጀት አንዲት ሳንቲም እንደማትነካ መመለስ ይቻላል። ከተሰበሰበው ከፊሉ ጅቡቲ ላይ ከወደቡ አስተዳደር ጋር በጋራ ለሚቀመጥ የመከለያና የማጽጃ መሣሪያ፣ ከፊሉ ለኢንሹራንስ ቢውል መልካም ነው። ኢንሹራንሱም ወደቡ ይህን ያህል ቀን ከተዘጋ ጉዳት አስቆጥሩ ሳይባል ወዲያው የሚከፍል ዓይነት ይሁን፤ ክፍያው ለማዳበሪያ አማራጭ መጓጓዣ ይውላል። በጦርነት የሚደርሰውንም መሸፈን አለበት፤ ዋጋው ይወደዳል፣ ያለዚያ ግን ዋናውን አደጋ ሜዳ ላይ ይተወዋል።

በቀይ ባሕርና በኤደን ባሕረ ሰላጤ የባሕር ጥበቃን በጋራ የሚመራው ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1982 በጄዳ ከተፈረመው ስምምነት የመነጨ ነው፤ ዳርቻ የሌላት ኢትዮጵያ አባል አይደለችም። የባሕር በር ይገባናል የሚለው ድምፅ ዛሬ ጎልቶ ይሰማል። ስለ ባሕሩ መብት የሚናገር መንግሥት በባሕሩ ሸክም ላይ የራሱን ድርሻ ይዞ ቢቀርብ ጎረቤቶቹ በሌላ ጆሮ ይሰሙታል። በማኅበሩ ውስጥ በታዛቢነት ለመቀመጥ ማመልከት፣ ከጅቡቲ ጋር በሚደረገው ቀጣይ የወደብ ድርድርም ከኪራይና ከታሪፍ ጎን የፍሳሽ ዝግጁነትን አንድ አንቀጽ አድርጎ ማስገባት ጉልበት የማይጠይቅ ጅማሮ ነው። አንቀጹ ሦስት ነገር ይመልስ፦ ነዳጅ ከፈሰሰ በመጀመሪያው ቀን ማን ያዛል፣ የማጽጃው ወጪ ከየትኛው ሒሳብ ይወጣል፣ ወደቡ ሲከፈትስ ማዳበሪያ የጫነው መርከብ በስንተኛ ተራ ይገባል።