ለማሳደግ የተሰጠ ልጅ የማኅበረሰቡም አደራ ነው

አንድ ሕፃን ወላጆቹን በሞት ሲያጣ ወይም ወላጆቹ በችግር ምክንያት ማሳደግ ሲሳናቸው፣ ዘመድ ወይም ባዕድ ተቀብሎ ማሳደጉ በአገራችን ከጥንት የቆየ መልካም ልማድ ነው። በአቃቂ ሜዳና በዙሪያው በሚገኘው የኦሮሞ ገበሬ ዘንድ ጉዲፈቻ በመባል የሚታወቀው ይኸው ልማድ፣ የተቀበሉትን ልጅ ከአብራክ ከተገኘው ሳያሳንስ ስምና ውርስ የሚሰጥ በመሆኑ የቤተሰብ ሕጋችንም ቃሉን እንዳለ ወስዶ ተጠቅሞበታል። በሌላውም የአገራችን ክፍል የጡት ልጅ የሚባለው ዝምድና የታወቀ ነው። ስለዚህ ልጅ ተቀብሎ ማሳደግ ምን ማለት እንደሆነ ለገበሬ ማኅበራት መሪዎች ማስረዳት ለቀባሪ ማርዳት ይሆናል።

ዛሬ ልናነሣ የፈለግነው፣ ልጁ ለአሳዳጊ ከተሰጠ በኋላ ማን ይጠይቀዋል የሚለውን ጉዳይ ነው። ልጅ ሲሰጥ ሽማግሌ ይሰበሰባል፤ ምርቃት ይወርዳል። ከዚያ በኋላ ግን ልጁ በልቶ ማደሩን፣ ትምህርት ቤት መሄዱን፣ ሌሊት በሰላም መተኛቱን ሄዶ የሚያይ ብዙ ጊዜ አይገኝም። ጉዳት የሚደርሰውም በአብዛኛው ጠያቂ በሌለበት ቤት ነው።

ለዚህም መራር ምሳሌ የሚሆነን ሐና የተባለችው ኢትዮጵያዊት ልጅ የደረሰባት ነው። ሐና በ2000 ዓ.ም. ግድም መስማት ከተሳነው አንድ ኢትዮጵያዊ ልጅ ጋር በጉዲፈቻ ወደ አሜሪካ ተወሰደች። በዋሽንግተን ክፍለ ግዛት በሚኖሩት አሳዳጊዎቿ ቤት ምግብ እየተከለከለች፣ እየተገረፈችና በጠባብ ቁም ሣጥን ውስጥ እየተቆለፈባት ከቆየች በኋላ፣ ግንቦት 4 ቀን 2003 ዓ.ም. በቤቱ ጓሮ በብርድ ሕይወቷ አለፈ። ሰውነቷ በምግብ እጦት ተጎድቶ ስለነበር ብርዱን መቋቋም አልቻለችም። አሳዳጊዎቹ ልጆቹን በቤታቸው ያስተምሩ ስለነበር በየቀኑ የሚያያቸው መምህር አልነበረም። አብሯት የሄደው ልጅ በችሎት ቀርቦ በምልክት ቋንቋ የደረሰባቸውን ተናገረ። በጥቅምት ወር 2006 ዓ.ም. ሴትዮዋ ወደ 37 ዓመት፣ ባልዋ ደግሞ ወደ 28 ዓመት በሚጠጋ እስራት ተቀጡ። ፍርዱ ተገቢ ቢሆንም የልጅቷን ሕይወት አልመለሰም።

ከ1991 ዓ.ም. ወዲህ ወደ አሜሪካ ብቻ ከ15 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ልጆች በጉዲፈቻ መወሰዳቸው ይታወቃል። ከእነዚህ መካከል በፍቅርና በእንክብካቤ ያደጉ፣ ተምረው ለወግ ለማዕረግ የበቁ ብዙዎች መሆናቸውን መካድ አይገባም። ሆኖም ልጃቸውን ከሰጡት የገጠር ወላጆች ብዙዎቹ ጉዳዩን የተረዱት በአባቶቻቸው ልማድ ነበር። ልጁ ተምሮ ይመለሳል፣ ደብዳቤ ይጽፋል፣ ዝምድናው አይቋረጥም ብለው ነበር። በወሳጁ አገር ሕግ ግን የሥጋ ዝምድናው ፈጽሞ የሚቆረጥ መሆኑን ብዙዎቹ የተረዱት ልጁ ከሄደ በኋላ ነው። እንዲህ ያለው ቅሬታና በልጆች ላይ የደረሰው በደል ተደማምሮ፣ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በጥር ወር 2010 ዓ.ም. የቤተሰብ ሕጉን አሻሽሎ ልጆች ለውጭ ዜጎች በጉዲፈቻ የሚሰጡበትን በር ዘግቷል።

ይህ በር በመዘጋቱ ደስ ያላቸው ብዙዎች ናቸው። ነገር ግን በሩ ሲዘጋ ልጆቹ እዚሁ ቀርተዋል። ወላጅ አልባውን የማሳደግ ኃላፊነት ከእንግዲህ በእኛው ቤትና በእኛው ሰፈር ላይ ወድቋል ማለት ነው። በሩቅ አገር የሆነውን አውግዘን በጎረቤታችን ቤት የሚሆነውን ባላየ ካለፍን ግን ቁጣችን ከንቱ ይሆናል።

የአቃቂ ቃሊቲን ሁኔታ ለአብነት እንውሰድ። አካባቢው ፋብሪካ፣ አዲስ የጋራ መኖሪያ ቤትና የእርሻ ማሳ ጎን ለጎን የሚገኙበት የአዲስ አበባ ደቡባዊ በር ነው። በቃሊቲ መናኸሪያ ከሚወርዱት መንገደኞች መካከል፣ ላስተምርልህ ወይም ላሳድግልህ በሚል ተስፋ ከገጠር የሚመጡ ልጆች ይገኙባቸዋል። ቃሉን የሚጠብቅ ዘመድ አለ። ልጅቷን ትምህርት ቤት በማስገባት ፈንታ ውኃ ቀጂ፣ እንጀራ ጋጋሪና ሕፃን አዛይ አድርጎ የሚያስቀራትም አለ። የቤቱ ልጆች በገበታ ሲቀመጡ እርሷ ትርፍራፊ የምትጠብቅ ከሆነ፣ እነርሱ ሲታመሙ ሐኪም ቤት ሲወሰዱ እርሷ ግን ይተዋት ከተባለ፣ ይህ ልጅ ማሳደግ ሊባል አይችልም። ከዚህ የከፋው፣ በአካል ላይ የሚፈጸመው ነውርም በዝምታ ተሸፍኖ የሚቀረው እንዲህ ባለው ቤት ነው።

የበደሉ ጠባሳ በገላ ላይ ብቻ የሚታይ አይደለም። ከአንድ ቤት ወደ ሌላ ቤት ሲገፋ የኖረ ወይም ሲደበደብ ያደገ ልጅ፣ ጥሩ ቤት ከገባም በኋላ ዳቦ ከትራስ ሥር ሊደብቅ ይችላል። አልጋ ላይ ይሸናል፤ በቅዠት ይጮኻል፤ እጅ ሲነሣ ይሸማቀቃል፤ ያለ ምክንያት ይቆጣል ወይም እንደ ዲዳ ዝም ይላል። ብዙ አሳዳጊዎች ይህን ሲያዩ ልጁ ክፉ ዐመል አለበት ወይም መንፈስ ሰፍሮበታል ብለው ዱላ ያነሣሉ። ዱላው ግን ፍርሃቱን ያብሰዋል። እንዲህ ያለው ልጅ የሚድነው ምግብ በሰዓቱ ሲያገኝ፣ ስለ አልጋው ሳይዋረድ፣ ስለ ወላጆቹ እውነቱ በዕድሜው ልክ ሲነገረው፣ ወንድምና እኅቱን ሲያገኝና የማይለዋወጥ አንድ አሳዳጊ ሲኖረው ነው። ይህም ወራትና ዓመታት የሚጠይቅ የትዕግሥት ሥራ ነው።

ሕጉም በዚህ ረገድ ዝም አላለም። በ1992 ዓ.ም. የወጣውና በአዲስ አበባ የሚሠራበት የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ የጉዲፈቻ ስምምነት በፍርድ ቤት ካልጸደቀ ውጤት እንደማይኖረው ይደነግጋል። ፍርድ ቤቱም የልጁን አስተያየት መጠየቅ አለበት። ልጁ ከተወለደበት ቤተሰብ ጋር ያለው ዝምድናም አይቋረጥም። ጉዲፈቻ በመሠረቱ የማይፈርስ ቢሆንም፣ አሳዳጊው ልጁን እንደ ልጁ በመንከባከብ ፈንታ እንደ ባሪያ ከያዘው ወይም የወደፊት ሕይወቱን በሚጎዳ ሁኔታ ካኖረው ፍርድ ቤት ሊያፈርሰው እንደሚችል በአንቀጽ 195 ተጽፏል። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 576 ደግሞ በአደራ የያዘውን ልጅ የሚያንገላታውን፣ የሚደበድበውን ወይም ከአቅሙ በላይ የሚያሠራውን ይቀጣል። ለአደራ ቤተሰብ የተሰጡ ልጆች የሚጠበቁበት የአማራጭ እንክብካቤ መመሪያም በ2001 ዓ.ም. ወጥቷል።

ይሁን እንጂ የተጻፈ ሕግ በራሱ እግር ሄዶ የሰው በር አያንኳኳም። የገበሬ ማኅበራት መሪዎች ድርሻ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። በ1967 ዓ.ም. በወጣው የገጠር መሬት አዋጅ የገበሬ ማኅበራት ሲቋቋሙ የራሳቸው የፍርድ ሸንጎ ነበራቸው። ያ ሥልጣን ዛሬ የፍርድ ቤት ነው። በየጎጡ ማን የማንን ልጅ እንደሚያሳድግ ከመሪዎቹ የበለጠ የሚያውቅ ግን ዛሬም የለም።

ስለዚህ ልጅ ከሚሄድበት ቀበሌ ያሉ መሪዎች፣ ልጁ ከመነሣቱ በፊት ወሳጁ ማን እንደሆነና አድራሻው የት እንደሆነ በጽሑፍ ይያዙ። ልጁ ትምህርት ቤት መግባቱንም ጠይቀው ያረጋግጡ። ልጅ በሚመጣበት ሰፈር ያሉት ደግሞ ከዕድርና ከትምህርት ቤት ጋር ሆነው፣ ከወላጆቻቸው ውጭ የሚኖሩትን ልጆች ይወቁ፤ በየጊዜውም ይጎብኟቸው። በጉብኝቱም ልጁን ከአሳዳጊው ለይቶ ማነጋገር ያስፈልጋል፤ በአሳዳጊው ፊት የተጠየቀ ልጅ ደህና ነኝ ከማለት ሌላ መልስ የለውምና። በደል ከታየ ለወረዳው የሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤትና ለፖሊስ ወዲያውኑ ማሳወቅ፣ የተጎዳውንም ሐኪም ቤት ማድረስ ይገባል። አስገድዶ መድፈርን በሽምግልናና በካሣ መጨረስ ልጅን ሁለተኛ ጊዜ መበደል ነው።

የሰው ቤት ገመና አይነካም፣ ከጎረቤትም ያጣላናል የሚሉ ይኖራሉ። ገመና የሚሸፈነው ግን የቤቱን ክብር ለመጠበቅ እንጂ የሕፃን ለቅሶ ለማፈን መሆን የለበትም። በመልካም የሚያሳድገው ሰው ጠያቂ ሲመጣበት አይከፋም። እንዲያውም ድካሙ ታይቶለት የዕርዳታ እጅ ሊዘረጋለት ይገባል። ደጃፉን የሚዘጋው የሚደብቀው ያለበት ነው።

የገበሬ ማኅበራት መሪዎች ዘር ሲዘራ፣ ችግኝ ሲተከል መጽደቁን ሄደው ይቆጣጠራሉ። ለማሳደግ የተሰጠው ልጅ ከችግኝ እንዳያንስ፣ መሪዎቻችን በሚቀጥለው ስብሰባቸው ይህን ጉዳይ አንሥተው የየአካባቢያቸውን ልጆች በስም ያውቁ ዘንድ አጥብቀን እናሳስባለን።