ከሸንተረሩ ይልቅ የሚያስፈራኝ ቅባቱ ነው!

ዛሬ ብዙዎቻችሁ ስትሬች ማርክ ስለምትሉት የእርግዝና ሸንተረር ላውራችሁ።

ሰሞኑን አንዲት የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ለክትትል መጣች። ሆዷና ታፋዋ ላይ ጠቆር ያለ ሰንበር ወጥቶባታል። "ዶክተር፣ ባሌ ሳያየው የሚያጠፋልኝ ነገር ይስጡኝ" አለችኝ። ለካ ከሱቅ ቅባት ገዝታ መቀባት ጀምራለች። ከቦርሳዋ አውጥታ ስታሳየኝ ጀርባው ላይ ክሎቤታሶል ይላል።

ክሎቤታሶል በጣም ጠንካራ ከሚባሉት የቆዳ ስቴሮይዶች አንዱ ነው። ለኤግዚማና ለመሳሰሉት በሐኪም ትእዛዝ ለአጭር ጊዜ ይሰጣል። ሲዘወተር ግን ቆዳ ያሳሳል፣ ራሱ ሸንተረር ያወጣል! በእርግዝና ጊዜ በብዛት መቀባቱ ደግሞ ከሕፃኑ ክብደት ማነስ ጋር ተያይዟል። የሚያናድደኝ፣ ይሄ የሆነው እዚሁ ኮልፌ ቀራንዮ መሆኑ ነው፤ ለቆዳ ሕመም ከየክፍለ ሀገሩ ሰው የሚመጣበት አለርት ሆስፒታል ባለበት ክፍለ ከተማ።

ሸንተረር ቆዳ ሲለጠጥ ከስር ያሉት ኮላጅንና ኢላስቲን የሚባሉ ክሮች ተበጣጥሰው የሚቀር ጠባሳ ነው። የእርግዝና ሆርሞኖችም ያግዙታል። ከግማሽ በላይ ነፍሰ ጡሮች ላይ ይወጣል፤ እናቷ የነበራት፣ በለጋ ዕድሜ ያረገዘች ወይ መንታ የያዘች ሴት ላይ ይበዛል። "ስላከክሽው ነው" የሚባለው ውሸት ነው።

ቅቤው፣ የወይራ ዘይቱ፣ ቫዝሊኑስ? ድርቀትና ማሳከክ ያስታግሳሉ፣ ደስ ካላችሁ ተቀቡ። ሸንተረር ይከላከላሉ ለሚለው ግን በ2012 እ.ኤ.አ. የወጣው የኮክሬን ግምገማ አስተማማኝ ማስረጃ አላገኘም። ስለዚህ ለውድ ክሬም የምታወጡት ብር ለእንቁላልና ለአልትራሳውንድ ቢውል እመርጣለሁ። ትሬቲኖይን ያለበትን ደግሞ እስክትወልዱ አትንኩ። ከወሊድ በኋላ ሰንበሩ በወራት ውስጥ እየደበዘዘ ይሄዳል፤ ጨርሶ ይጠፋል ብዬ ግን አልዋሻችሁም።

አንድ ነገር ብቻ አደራ፦ ሽፍታ ሳይኖር መዳፍና የእግር ውስጥ ማታ ማታ ክፉኛ የሚያሳክክ ከሆነ "ሸንተረር ነው" ብላችሁ አትተዉት። የጉበት ችግር ሊሆን ይችላል፣ ለፅንሱም ያሰጋል። በዚያው ቀን ሐኪም ጋ ሂዱ።

ልጅቷን ቅባቱን አስቁሜ በሚቀጥለው ቀጠሮ ከባሏ ጋር እንድትመጣ ነገርኳት። መጡ። እሱ ሸንተረሩን ካየው ቆይቷል። "ያማታል እንዴ?" ብቻ ነው ያለኝ።