አፉን ድፈኑለት

ባለፈው ሐምሌ ዝናቡ ሲያባራ ጠብቄ መለዋወጫ ፍለጋ ሶማሌ ተራ ገባሁ። የታናሽ ወንድሜ መኪና ከኋላ በሞላ ፋንታ በአየር የተነፋ የጎማ ከረጢት ላይ ነው የምትቆመው። ማታ ደህና ቆማ፣ ጠዋት ኋላዋ ተዘርፍጦ ትገኛለች። መካኒኩ «ኮምፕረሰሩ ደክሟል፣ ሌላ ፈልጉ» ብሎ ላከን።

አንዱ ሱቅ ደጃፍ ላይ ከተፈታ መኪና የወጣ ኮምፕረሰር ሸራ ላይ ተቀምጧል። ጎኑ ላይ ጣሳ የሚያህል ጥቁር ፕላስቲክ አለ፤ ድራየሩ ነው። አንስቼ አየሁት።  የቱቦው አፍ ክፍት ነው። መቼ እንደተፈታ ሻጩን ልጅ ስጠይቀው «ሰኔ መግቢያ ላይ» አለኝ።

ያንገበገበኝ ይህ ነው። ድራየሩ ውስጥ ያለው ፍሬ አዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ የምናገኘው የትንሿ ከረጢት ፍሬ ዘመድ ነው፤ ሥራው እርጥበት መጠጣት ነው። አየር ሲታመቅ በውስጡ የነበረው እርጥበት ውሃ ይሆናል፤ ፍሬው ያንን ይዞ ደረቁን ብቻ ወደ ከረጢቶቹ ያሳልፋል። መኪናዋ ዝቅ ስትል የሚወጣው ደረቅ አየር ደግሞ በፍሬው መሀል ተመልሶ ሲያልፍ እርጥበቱን ይዞለት ይሄዳል። አፉን ከፍቶ ክረምቱን ደጅ የከረመ ድራየር ግን ገና ሳይገጠም ጠግቧል።

ሳልገዛ ተመለስሁ። መካኒኩን ለምነን የሳሙና ውሃ ሲቀባ፣ የግራው ከረጢት እጥፋቱ ላይ አረፋ ደፈቀ። ጣጣው የጀመረው ከዚያ ነው። ከረጢት ሲያስተነፍስ ኮምፕረሰሩ እረፍት ያጣል፣ ይግላል፤ ድራየሩም የሚደርቅበት ፋታ አያገኝም። ፍሬው እየተፈረፈረ ዱቄቱ ቫልቭ ይዘጋል፣ ውሃው ዝገት ያመጣል። ቀዳዳውን ትቶ ኮምፕረሰር መለወጥ አዲሱንም መግደል ነው።

የታመቀ አየር ውሃ እንደሚያመጣ የጂቡቲ መስመር የከባድ መኪና ሾፌሮች ያውቃሉ። ከአየር ታንኩ ሥር ያለችውን ቀለበት ስበው ውሃውን ያፈሳሉ፤ ፍሬናቸው በአየር የሚሠራ ነውና አይዘናጉም።

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ያሉንን ጠብቆ ማቆየት ግድ ሆኗል። የሶማሌ ተራ ወንድሞቼ፣ ኮምፕረሰር ስትፈቱ እዚያው በዚያው አፉን በላስቲክና በፕላስተር ድፈኑለት። ፍሬውንና የማሸጊያውን የጎማ ቀለበት (ኦሪንግ) ደግሞ ለብቻው አምጡልን።

እኛ ከረጢቱንና ፍሬውን ለወጥን፤ ኮምፕረሰሩ ያው የድሮው ነው። መካኒኩ አሮጌውን ፍሬ መዳፉ ላይ ሲገለብጠው እንደ ጭቃ ተጣበቀበት።