ስሙኒ ስንት ነው?

ሃያ አምስት ሳንቲም ነዋ! ግን ቆይ... ቃሉ ከዐረብኛ የመጣ ነው፤ ትርጉሙም «ስምንተኛ»። ሃያ አምስት ሳንቲም የብር ሩብ እንጂ ስምንተኛ አይደለም። ስሙና ሒሳቡ ምን አጣላቸው?

መልሱን ፍለጋ ወደ ጅጅጋ እንሂድ። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1941 ጣሊያንን አስወጥተው ሲገቡ የምሥራቅ አፍሪካን ሽልንግ ይዘው መጡ፤ ጅጅጋንም እስከ 1948 አስተዳደሯት። በ1945 አዲሱ የኢትዮጵያ ብር ሲወጣ አንዱ ብር ለሁለት ሽልንግ ተተመነ። ሃምሳ ሳንቲምን «ሽልንግ» ያሰኘው ይኸው ነው። የሽልንግ ግማሽ ደግሞ በስዋሂሊ «ሱሙኒ» ይባላል፤ ግማሽ ሽልንግ በእኛ ሃያ አምስት ሳንቲም መሆኑ ነው። ስሙኒያችን የዚህች ዘመድ ናት ባዮች ነን። (ምኒልክም የብር ስምንተኛ ሳንቲም አሳትመዋል፤ ከዚያ ወረደች የሚል ቢመጣ አንጣላውም።)

ሐረር ደግሞ የራሷን ገንዘብ የምትሠራ ከተማ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1855 የገባው እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን «መሐለቅ» የምትባል ትንሽ የናስ ሳንቲም አገኘ። እንደ ጻፈው 22 መሐለቅ አንድ አሽረፊ፣ ሦስት አሽረፊ አንድ ጠገራ ብር ነበር። አሽረፊው ግን በእጅ የሚጨበጥ አልነበረም፤ ለመቁጠሪያ ብቻ የቀረ ስም ነው። «ቤሳ ቤስቲን የለኝም» ስንልም ቤሳዋ ከህንድ ባሕር ተሻግራ የመጣች መሆኗን ማን ያስባል?

የራሳቸው የእንግሊዞች ታሪክ ግን ያስፈራል። የሰባተኛውንና የስምንተኛውን ክፍለ ዘመን ትንንሽ የብር ሳንቲሞቻቸውን ሊቃውንት «ሻት» ብለው ሰየሟቸው፤ ቃሉን ያነሱት ከጥንት የሕግ ጽሑፍ ነው። ኋላ ሲመረመር ባለቤቶቹ «ፔኒ» ይሏቸው እንደነበር ታመነ። የወርቆቹም «ትሪምሳ» የሚባለው ስም እንዲሁ በኋላ የተለጠፈ ነው። ምን ያድርጉ፣ የሚጠየቅ ሽማግሌ አልነበረማ!

እኛ አለን። ግን አንጠይቅም። ይባስ ብሎ «ሽልንግ ባዕድ ቃል ነው፣ ሃምሳ ሳንቲም በል» እያሉ የሚያርሙ አሉ። «ሳንቲም» ታዲያ የማን ነው? ፈረንሳይኛ አይደለም እንዴ! ቶጎ ውጫሌ ድንበር ላይ ሽልንግ ሲባል ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣው፣ በእስር በእስር የሚቆጠረው የሶማሌላንድ ገንዘብ ነው። የጅጅጋ ነጋዴ ሁለቱን ሽልንጎች ሳያምታታ ኖሯል፤ አራሚው ነው የተምታታበት።

ዛሬ በስሙኒ የሚገዛ ነገር የለም፤ ሒሳብም በስልክ ሆኗል። ሳንቲሟስ ትጥፋ፣ ናሙናዋ የሆነ ቦታ ይቀመጣል። ስሟ ግን በላይዋ አልተጻፈም፤ «ሽልንግ» ወይም «ስሙኒ» የሚል የኢትዮጵያ ሳንቲም ታትሞ አያውቅም። ስሙ ያለው በሰው አፍ ብቻ ነው፤ የእንግሊዝን ሽልንግ በእጃቸው የያዙት ደግሞ ዛሬ ከሰማንያ ዓመት በላይ የሆናቸው ናቸው።

የጅጅጋ ዩኒቨርሲቲ የታሪክ ተማሪዎች ሆይ፣ የመመረቂያ ርዕስ ቸገረን አትበሉ። በሶማልኛም፣ በአማርኛም፣ በሐረሪም፣ ብርን «ቀርሺ» በሚለው በኦሮምኛም ጠይቁ። አንድ ሽልንግ ስንት ኪሎ ስኳር ይገዛ ነበር? ስሙኒን ማን ምን ብሎ ጠራት? መቅረጫችሁን ይዛችሁ ዘንድሮውኑ ሂዱ።