ስልካችን ያውቃል፣ መዝገባችን አያውቅም

ሆሳዕና ውስጥ ሰው ቤቱን ሲያመለክት ስሙት። «ከጎፈር ሜዳ ትንሽ አለፍ በል፤ ባጃጆቹ ከሚቆሙበት ወደ ግራ፤ ከዚያ ማንንም ብትጠይቅ ያሳይሃል።» ለእንግዳ ይህ ይበቃል። መሬት የተናደ ዕለት ግን አይበቃም። የሚጠየቀው «ማንም» ራሱ ከአፈሩ ሥር ሊሆን ይችላል።

አጋነንክ የሚለኝ ካለ ጎፋን ያስታውስ። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በገዜ ጎፋ ወረዳ ተራራው ተንዶ ቤቶችን ዋጠ። ወገኑን ለማውጣት በአካፋና በእጁ የሚቆፍረውን ሰው ሁለተኛው ናዳ ደፈነው። ከ200 በላይ ሰው አለቀ። እንዲህ ባለ ቀን የመጀመሪያው ጥያቄ «የማን ቤት የት ነበር?» ነው። መልሱ በጎረቤት ጭንቅላት ውስጥ ብቻ ካለ፣ ከጎረቤቱ ጋር ይቀበራል። ሀዲያና ከምባታስ ተዳፋት ላይ የሰፈረ ሕዝብ የለባቸውም?

የሚያናድደኝ መሣሪያው ኪሳችን ውስጥ መሆኑ ነው። ልጃችን ከደቡብ አፍሪካ የላከልን ስልክ ቢያንስ የአራት ሳተላይቶችን ምልክት ተቀብሎ፣ የቆምንበትን ቦታ በጥቂት ሜትሮች ልዩነት ይናገራል። «ኔትወርክ ከሌለ ጂፒኤስ የለም» የሚባለው ስህተት ነው። ስልኩ ቦታውን ለማወቅ ኔትወርክ አያስፈልገውም፤ ካርታው ቀድሞ ከተጫነለት መንገዱንም ያሳያል። በ2002 ዓ.ም. የሄይቲ ርዕደ መሬት ጊዜ በጎ ፈቃደኞች ከሳተላይት ፎቶ እያዩ የፖርቶፕራንስን መንገዶች ኦፕንስትሪትማፕ ላይ ሣሉ፤ አዳኞችም ካርታውን በጂፒኤስ መሣሪያቸው ጭነው ተጠቀሙበት።

«እንግዲያው ሳተላይቱ ይበቃናል» ለሚሉም መልስ አለኝ። በ2000 ዓ.ም. በዚሁ በሀዲያ፣ በከምባታና በወላይታ የሆነውን አንርሳ። የበልጉ ዝናብ ቀርቶ፣ ስኳር ድንቹ ጠፍቶ፣ ሕፃናት በምግብ እጥረት ሲታከሙ፣ ዘግይቶ የመጣው ዝናብ ማሳውን አረንጓዴ አልብሶት ነበር። «አረንጓዴ ረሃብ» ተባለ። ከላይ ለሚያይ አገሩ ለምለም ነው፤ በቆሎው ገና እንዳላፈራ የሚያውቀው ግን የሰፈሩ ሰው ነው። ሳተላይት «የት» የሚለውን ይነግረናል፤ «ማን» እና «ምን ጎደለው» የሚለው ከቀበሌ ነው የሚገኘው።

ስለዚህ ሁለቱን እናጋባ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ እንደሆነ ቤት ለቤት ትዞራለች። በዚያው በየደጁ ቆማ የቦታውን ቁጥር፣ የአባወራውን ወይም የእማወራዋን ስም፣ የቤተሰቡን ብዛት፣ መነሳት የማይችል በሽተኛ ወይም አዛውንት መኖሩን ትመዝግብ። ምንጩ፣ ድልድዩና ጤና ኬላውም ይመዝገቡ። ለተጨማሪው ሥራ አበሏ ይታሰብላት፤ በነጻ አገልግሎት ስም የሚጫን ሥራ በቅቷታል። የመዝገቡ ቅጂ ከቀበሌው ውጭም ይቀመጥ፤ ናዳ የቀበሌ ጽሕፈት ቤትን አይምርም።

«የሰውን ቤት ቆጥሮ መያዝ ለሌላ ነገር ይውላል» የሚል ስጋት ካለ፣ እኔም እጋራዋለሁ። ማን እንደሚያየውና ለምን እንደሚውል በሕግ ይታሰር። ስጋት ግን ባዶ መዝገብ ይዞ ለመቀመጥ ምክንያት አይሆንም።

ለዚህ ደግሞ እባካችሁ ዎርክሾፕ አትጥሩን። ጉዳዩ ስልክ፣ ደብተርና በጋ ብቻ ነው የሚፈልገው። ክረምቱ ገብቶ መሬቱ ከከዳን በኋላ የምናሰማው ጩኸት፣ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።