ለአልጋው ብቻ አትክፈሉ

ከጥቂት ዓመታት በፊት በጥቅምት ወር፣ አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ እናታችን ቤት ተሰብስበን ነበር። ቡናው ተቀድቶ ቀዝቅዟል፤ ሲኒውን የሚያነሳ አልነበረም። እናቴ ከመኝታ ክፍሏ በመሐረብ የተቋጠረ ነገር ይዛ ወጣችና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። የሠርጓ ወርቅ ነው።

«ይሸጥ» አለች። «ልጄ ይዳንልኝ እንጂ ወርቅ ለእኔ ምን ያደርግልኛል?»

ልጇ ማለት ታላቅ ወንድማችን፣ እኛ «ጋሼ» የምንለው ነው። ጎበዝ መካኒክ ነበር። ባለቤቱ ከሞተች በኋላ መጠጥ አበዛ። መጀመሪያ ማታ ማታ ብቻ ነበር፤ ከዚያ ቀን ላይም ጀመረ፤ በመጨረሻ ጠዋት ካልቀመሰ እጁ መፍቻ አልይዝ አለ። እንቅልፍ አጣ፣ ከሰው ራቀ፣ «እኔ ባልኖር ይሻላችኋል» ማለትም ጀመረ።

የእናቴ ወርቅ፣ የእኔ ዕቁብና ዋሽንግተን ያለችው እህታችን የላከችው ተደምሮ የአንድ ወር ክፍያ ሞላ። የወሰድነው አንድ የግል ማዕከል ነበር። ግቢው አበባ ነው፣ አልጋው ንጹሕ ነው፣ ምግቡ ሦስት ጊዜ ይቀርባል። ጋሼ ከወር በኋላ ፊቱ ወዝቶ፣ ኪሎ ጨምሮ ወጣ። እናቴ እልል አለች። በእጁ የያዘው ለ10 ቀን የሚሆን ኪኒን የያዘ ትንሽ የወረቀት ከረጢት ብቻ ነበር። የሚመለስበት ቀጠሮም ሆነ ሕመሙ ምን እንደሆነ የሚገልጽ ወረቀት አልተሰጠውም። ኪኒኑ አለቀ። አንድ ወር ሳይሞላው መጠጡ ተመለሰ። ወርቁ ግን አልተመለሰም።

ማዕከሉን አልወቅስም። እኛ ስንጠይቅ የነበረው «አልጋው በቀን ስንት ነው?» ብቻ ነበር፤ እነሱም የጠየቅነውን ሸጡልን። ዛሬ ይህን የምጽፈው በዚህ ወር ወርቋን ፈትታ ጠረጴዛ ላይ የምታስቀምጥ ሌላ እናት እንደምትኖር ስለማውቅ ነው። ወርቁ ከመሸጡ በፊት ይህችን ገጽ አንብቡልኝ።

መጀመሪያ የት እንሂድ?

ሁለተኛው ሙከራ የተጀመረው በስህተት ነው። ጋሼ በእልህ «ከዛሬ ጀምሮ አልቀምስም» ብሎ በሩን ዘግቶ ተኛ። እኛም ደስ አለን። በሁለተኛው ቀን ላብ በላብ ሆነ፣ መላ አካሉ ተንቀጠቀጠ፣ ማታ ላይ ራሱን ስቶ ወደቀና አንቀጠቀጠው። በላዳ ወደ አንድ የመንግሥት ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል አደረስነው። የዕለቱ ሐኪም ያስረዳችንን ሳልረሳ ልንገራችሁ። ለረጅም ጊዜ በየቀኑ ብዙ የጠጣ ሰው በአንድ ጊዜ ሲያቆም በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት የሚጥል በሽታ የሚመስል መንቀጥቀጥ፣ ከዚያም እስከ አራተኛው ቀን ገደማ መቃዠትና ራስን መሳት ሊመጣበት ይችላል። ሕይወትም ሊያሳጣ ይችላል። በመድኃኒትና በቫይታሚን ቢ1 በሐኪም ክትትል ሲደረግ ግን በቀናት ውስጥ ይታለፋል። ጫት ሲቆም እንቅልፍ ማብዛት፣ ድካምና መደበት ይመጣል፤ ሰውየውን ያስጨንቀዋል እንጂ እንደ አልኮሉ በመንቀጥቀጥ ሕይወቱን ለአደጋ አይጥልም። ስለዚህ ቤተሰብ መጀመሪያ ማወቅ ያለበት የሚቆመው ነገር ምን እንደሆነና በቀን ምን ያህል እንደሚወሰድ ነው። አልኮል ከሆነ ቤት ውስጥ በድንገት አታስቁሙ፤ ሐኪም አማክሩ።

ሰው ራሱን እንደሚያጠፋ ከተናገረ፣ ሌላውን ለመጉዳት ከተነሳ፣ ምግብና ውሃ እንቢ ካለ ወይም ካንቀጠቀጠው ቀጠሮ አይጠበቅም። ብቻውን አትተዉት፤ በአቅራቢያ ወዳለው ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት። እኛ የጋሼን «ባልኖር ይሻላል» እንደ ሰካራም ወሬ ቆጥረነው ነበር። ያ ትልቁ ስህተታችን ነው።

ድንገተኛ ካልሆነ ደግሞ መነሻው ጤና ጣቢያ ነው። ከዚያ የሪፈር ወረቀት ይዛችሁ የአእምሮ ሕክምና ክፍል ወዳለው ሆስፒታል ትሄዳላችሁ። ብዙ ሰው የአእምሮ ሕክምና ሲባል መርካቶ አጠገብ ያለው አማኑኤል ብቻ ይመስለዋል። አማኑኤል በጣሊያን ወረራ ዘመን የተጀመረ አንጋፋ ሆስፒታል ነው፤ ዛሬ ግን ብቻውን አይደለም። በአዲስ አበባ ሌሎች የመንግሥት ሆስፒታሎችም የአእምሮ ሕክምና ክፍል አላቸው፤ በጎንደር፣ በጅማና በሐዋሳ ያሉ የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታሎችም እንዲሁ። ከገጠር ዘመድ አሳፍራችሁ አዲስ አበባ ከማምጣታችሁ በፊት በአካባቢው ያለውን ጠይቁ። የመጓጓዣው፣ የአስታማሚው ማደሪያና ምግብ ሲደመር ከሕክምናው ሊበልጥ ይችላል። ከዚያም በላይ ለክትትል በየወሩ መመላለስ አለ፤ ሩቅ ሆስፒታል ያለ ቀጠሮ ደግሞ ቶሎ ይቋረጣል።

ጋሼን የመረመረው የአእምሮ ሐኪም ከእኛ ማንም ያልጠየቀውን ጠየቀ፦ «ከመጠጡ በፊት እንዴት ነበር?» ለካ መጠጡ ብቻ አልነበረም። ከባለቤቱ ሞት ጀምሮ የድባቴ ሕመም ውስጥ ነበር። ሐኪሙ እንዳለው ሱሱ ታክሞ ድባቴው ከቀረ ሰውየው ተመልሶ ይጠጣል፤ ድባቴው ታክሞ መጠጡ ከቀጠለ ደግሞ መድኃኒቱ አይሠራም። ሁለቱ አብረው መታከም አለባቸው።

የግል ተቋም ከመረጣችሁ

የግል ተቋም መምረጥ ኃጢአት አይደለም። ወረፋው ያጥራል፣ ጊዜ ሰጥተው ያነጋግሩ ይሆናል። ነገር ግን ብሩን ከመቁጠራችሁ በፊት እነዚህን ጠይቁ፤ መልሱንም ጻፉት።

አንደኛ፣ ፈቃዳችሁን አሳዩን በሉ። የጤና ተቋም ፈቃድ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ነው፤ ለማየት መጠየቅ አያሳፍርም። ለየትኛው አገልግሎት እንደተሰጠ አንብቡ።

ሁለተኛ፣ የአእምሮ ሐኪሙ በሳምንት ስንት ጊዜ ያየዋል? ሌሊት የሚያድረው ነርስ ነው ወይስ ዘበኛ? ሌሊት ቢያንቀጠቅጠው ምን ታደርጋላችሁ?

ሦስተኛ፣ የቀኑ ዋጋ ውስጥ ምን አለ? መድኃኒት፣ ላቦራቶሪ፣ የሐኪም ክፍያና የሳይኮሎጂስት ምክር ተካቷል ወይስ ለብቻው ነው? እኛ «ሁሉም ተካቷል» ተብለን የላቦራቶሪው ሂሳብ መጨረሻ ላይ መጣብን።

አራተኛ፣ ቅድመ ክፍያ ከፍለን በሳምንቱ ቢወጣ ቀሪው ይመለሳል? በቃል «አታስቡ» ካሏችሁ በጽሑፍ ጠይቁ።

አምስተኛ፣ ሕመምተኛ ሲቆጣ ምን ታደርጋላችሁ? መጠየቅስ ይቻላል? ሰው የሚታሰርበትና ቤተሰብ ሳምንታት ሙሉ እንዳያየው የሚከለከልበት ቦታ ምንም ያህል አበባ ቢተከልበት ልጃችሁን አትተዉበት።

ስድስተኛውና ዋናው፣ ሲወጣ ምን ይሰጠዋል? የሕመሙን ስም፣ የሚወስደውን መድኃኒትና መጠኑን የሚገልጽ ወረቀት፣ የመጀመሪያው ቀጠሮ ቀን፣ ችግር ሲመጣ የሚደወልበት ሰው። ለዚህ ጥያቄ መልስ የሌለው ተቋም የሚሸጠው ማረፊያ ነው።

ገንዘቡን እንዴት እንከፋፍለው?

በሁለተኛው ዙር እህቴ ከዋሽንግተን ደውላ «ለአልጋው ስንት ልላክ?» አለችኝ። «እህቴ፣ አልጋውስ ይኸው ተከፍሏል፤ ለዓመቱ ላኪልን» አልኳት። መጀመሪያ አልገባትም። ዘመድ ውጭ አገር ያለውም እዚህ ያለውም ለአደጋ ጊዜ እጁ አይታጠፍም፤ በስድስተኛው ወር ለኪኒንና ለታክሲ ብር መጠየቅ ግን ያሳፍረናል። ሰው የሚያገግመው ወይም የሚወድቀው ደግሞ በስድስተኛው ወር ላይ ነው።

የእኛ ስሌት እንዲህ ነበር። 100 ብር ካለን ከ40 በላይ ለመኝታው አናወጣም። 60ው ለዓመቱ ይቀመጣል፦ ለመድኃኒት፣ ለምርመራ፣ ለቀጠሮ ቀን መጓጓዣ፣ ጋሼ ሥራ እስኪጀምር ለቤት ኪራዩ። የ40ውና የ60ው ቁጥር የእኛ ነው፤ እናንተ በአቅማችሁ ቀይሩት። የዓመቱ ድርሻ ግን ባዶ አይሁን። እናንተን ዓመቱን ሙሉ መግፋት የማያስችላችሁ የመኝታ ዋጋ ከአቅማችሁ በላይ ነው ማለት ነው።

መድኃኒት ሲታዘዝ ለሐኪሙ አቅማችሁን ንገሩት። «በመንግሥት ፋርማሲ የሚገኝ ተመሳሳይ አለ?» ማለት ነውር አይደለም። በአዲስ አበባ ከግል መድኃኒት ቤት በፊት የሆስፒታሉን ፋርማሲ፣ ከነማንና ቀይ መስቀልን ጠይቁ። ለአንዳንድ የአእምሮ ሕመሞች በየቀኑ ከሚዋጥ ኪኒን ይልቅ በወር አንዴ ገደማ የሚወጋ መርፌም አለ። ሊትየም የታዘዘለት ሰው ደግሞ የደም ምርመራ በየጊዜው ያስፈልገዋል፤ ወጪውን አስቀድማችሁ ያዙት። ከሁሉም በላይ ውዱ ያለ ሐኪም ፈቃድ የተቋረጠ መድኃኒት ነው፤ መልሶ አልጋ ያስይዛል።

የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ከሆናችሁ ደብተሩን ይዛችሁ ከጤና ጣቢያ ጀምሩ። ሪፈር ሳትይዙ ቀጥታ ሆስፒታል ከሄዳችሁ ከኪሳችሁ ልትከፍሉ ትችላላችሁ። አንድ ነገር ግን አስቀድማችሁ አጣሩ፦ የሱስ ሕክምና በብዙ የመድን ውሎች ከሽፋን ውጪ ተብሎ ይዘረዘራል። የድባቴው ሕክምና ተሸፍኖ የሱሱ ላይሸፈን ይችላል። የመሥሪያ ቤት መድን ያላችሁም ውሉን አስነብቡ። የመክፈል አቅም የሌለው ቤተሰብ ከወረዳው የነጻ ሕክምና ማስረጃ መጠየቅ ይችላል፤ ታማሚው ከመተኛቱ በፊት ቢጀመር ይመረጣል።

ሥራውንም አትርሱ። ጋሼ በመጀመሪያው ጊዜ ከጋራዡ ዝም ብሎ ቀረ፤ ሥራውንም አጣ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ በ12 ወር ውስጥ እስከ 6 ወር የሕመም ፈቃድ አለው፦ የመጀመሪያው ወር ከሙሉ ደመወዝ ጋር፣ ቀጣዮቹ 2 ወራት ከግማሽ ደመወዝ ጋር፣ የመጨረሻዎቹ 3 ወራት ያለ ክፍያ። የሚፈለገው የሐኪም ማስረጃና ለአሠሪው ማሳወቅ ነው። ሐኪሙ «በሕክምና ላይ ነው» ብሎ ሊጽፍ ይችላል። እኛ ለማፈር ስንል የአንድ ወር ሙሉ ደመወዝ ጣልን።

ስለ ጸበሉ

እናቴ ጸበሉን አልተወችም፤ እኛም ተዪ አላልናትም። ሐኪሙን በግልጽ ጠየቀችው። «ይጠመቅ፣ እማማ። ኪኒኑን ግን ይዞ ይሂድ» አላት። ከዚያ ወዲህ ኪኒኑን በመሐረቧ ቋጥራ አብራው የምትሄደው እሷ ናት። ሕመምተኛው መድኃኒት እንዲያቋርጥ የሚያስገድድ ወይም በሰንሰለት የሚታሰርበት ቦታ ከሆነ ግን ይዛችሁት ተመለሱ።

ጋሼ ዛሬ ድኗል ብዬ አልዋሻችሁም። በሁለተኛው ዓመት አንዴ ወድቆ ነበር። ያን ጊዜ ግን ወረቀቱ እጃችን ላይ ነበር፣ የሚደወልበት ነርስ ነበረ፣ የተቀመጠች ብርም ነበረች። በሦስተኛው ቀን ሐኪሙ ፊት ተቀመጠ። አልጋም አላስፈለገውም። አሁን ሌላ ጋራዥ ይሠራል፤ በየወሩ ለቀጠሮ ማክሰኞ ጠዋት ያስፈቅዳል።

ባለፈው ፋሲካ ለእናቴ ቀጭን የወርቅ ቀለበት ገዝቶ መጣ። ከሸጠችው ጋር አይወዳደርም። እናቴ ጣቷ ላይ አድርጋ አየችውና «ይኼንን አልሸጠውም» አለች። ጋሼ ሳቀ። «አትሽጪው እማዬ» አላት፤ «የዚህን ወር ኪኒን እኔው ገዝቻለሁ።»